በ1972ቱ ቆጠራ የምትመራ ደሴት

በሞሪሸስ ለምክር ቤት አባልነት መወዳደር የሚሻ ዜጋ በዕጩነት መመዝገቢያው ቅጽ ላይ ስሙንና አድራሻውን ከሞላ በኋላ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ከአራቱ ማኅበረሰቦች የየትኛው አባል እንደ ሆነ ማሳወቅ አለበት። ሕገ መንግሥቱ የሚቀበላቸው መልሶች ሂንዱ፣ ሙስሊም፣ የቻይና ዝርያ ያለው ሞሪሸሳዊ፣ እና «አጠቃላይ ሕዝብ» የሚሉት ብቻ ናቸው። አራተኛው ስም በራሱ የቆመ ማንነት አይደለም። በአኗኗሩ ከሦስቱ ወደ አንዳቸውም የማይመደብ ሰው ሁሉ የሚገባበት የቀሪዎች መዝገብ ነው። ጥያቄውን ሳይመልሱ የተዉ ዕጩዎች ከውድድር ተሰርዘዋል። መልሶቹን ወደ መቀመጫ የሚቀይረው ስሌት የሚደገፈው ደግሞ በ1972 በተካሄደ የሕዝብ ቆጠራ ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ሕፃን ዛሬ አያት ሊሆን ይችላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞሪሸስ በአፍሪካ የፖሊሲ ክርክሮች ውስጥ በአርአያነት ከሚነሱ ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። ብዙ ሃይማኖትና ብዙ ዘር ያለው ሕዝብ በተደጋጋሚ ምርጫ ሥልጣን እያቀያየረ፣ ያለ እርስ በርስ ጦርነት ከድህነት የወጣባት አገር እየተባለች ትወደሳለች። ውዳሴው ያለ ምክንያት አይደለም። ስሕተቱ የሚመጣው የደሴቲቱ ሰላም የተገኘው በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ከተጻፈው የማኅበረሰብ ኮታ ነው ሲባል ነው። ታሪኩ ሲመረመር የሚታየው ሌላ ነገር ነው። ኮታው አንድን የፍርሃት ወቅት ለማሻገር ጠቅሟል። ዘላቂውን ሰላም የገነቡት ግን የገቢ ክፍፍል፣ የጥምር መንግሥት ልማድና የትምህርት ዕድል ናቸው። ኮታው መመርመሪያም ማብቂያም ቀን ስላልተቆረጠለት፣ ፍርሃቱ ቢቀንስም እርሱ ቀረ፤ ከሁሉ ይልቅ የተጎዱትን ሰዎች የሚሸፍን መጋረጃም ሆነ።

ነባር ሕዝብ ያልነበራት አገር

ሞሪሸስ ከማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ በህንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ፣ ስፋቷ 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሕዝቧም 1.2 ሚሊዮን ያህል የሆነ አገር ናት። ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት በላይዋ የሰፈረ ሕዝብ አልነበረም። ስለዚህ በደሴቲቱ ላይ «ነባር» ነኝ ብሎ ሌላውን «መጤ» ለማለት የሚችል ወገን የለም፤ ሁሉም በመርከብ የመጣ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው በመርከቡ ውስጥ ማን ባለቤት፣ ማን ዕቃ፣ ማን ባለ ዕዳ ሆኖ መጣ በሚለው ላይ ነው።

ሆላንዳውያን በ1638 ሰፈሩባት፤ በ1710 ጥለዋት ሄዱ። ከ1715 ጀምሮ የያዟት ፈረንሳዮች ከማዳጋስካርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ሰዎችን በባርነት እያመጡ የእርሻና የወደብ ኢኮኖሚ ገነቡ። እንግሊዞች በ1810 በጦርነት ቢቀሟቸውም የሰፋሪዎቹን ሃይማኖት፣ ሕግና ንብረት እንዲያከብሩ በእጅ መስጫው ውል ተስማሙ። በዚህም ምክንያት መንግሥቱ እንግሊዛዊ፣ የርስቱ ጌቶች ግን ፈረንሳውያን ሆነው ቀጠሉ። ባርነት በ1835 በሕግ ሲሻር ከ60,000 በላይ ሰዎች ነፃ ወጡ። 2 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ካሳ ተከፈለ፤ የተከፈለው ግን ለባለቤቶቹ ነበር። ነፃ የወጡት ሰዎች መሬትም ገንዘብም ሳይሰጣቸው ወደ ባሕር ዳርቻ፣ ወደ ዓሣ ማጥመድ፣ ወደ ወደብ ጉልበት ሥራና ወደ እደ ጥበብ ተበተኑ።

በእነርሱ ቦታ ለሸንኮራ አገዳው እርሻ የተተኩት ከህንድ በኮንትራት የመጡ ሠራተኞች ናቸው። ከ1834 እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በደሴቲቱ ወደብ አልፏል። የተመዘገቡበት የፖርት ሉዊስ መቀበያ፣ አፕራቫሲ ጋት፣ በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የኮንትራቱ ኑሮ መራራ ነበር። ሆኖም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባለርስቶቹ በዋጋ መውደቅ ሲጨናነቁ ከእርሻቸው ጠርዝ ጠርዙን እየቆረጡ መሸጥ ጀመሩ፤ ጥቂት ያጠራቀሙ ህንዳውያን ቤተሰቦችም ገዙ። በዚህ መንገድ የተፈጠረው የአነስተኛ ገበሬ መደብ ልጆቹን አስተማረ፤ ኋላም ፖለቲካውን ተረከበ። የባሮቹ ልጆች ይህ መወጣጫ አልነበራቸውም። ዛሬ በማኅበረሰቦች መካከል የሚታየው የሀብት ልዩነት ከእምነት ወይም ከባህል ይልቅ በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ የመሬት ታሪክ ነው።

የፍርሃት ዓመታት

በ1959 ዕድሜው የደረሰ ዜጋ ሁሉ በድምፅ ሰጪነት ሲሳተፍ የቁጥር ጥያቄ የሥልጣን ጥያቄ ሆነ። በሲውሳጉር ራምጉላም የሚመራው የሌበር ፓርቲ ነፃነትን ጠየቀ። በጌታን ዱቫል የሚመራው ፓርቲ ደግሞ ከእንግሊዝ ጋር ትስስር ይቀጥል አለ፤ ከዚህ አቋም በስተጀርባ የነበረው ብዙኃኑ ሂንዱዎች ሁሉን ይጠቀልላሉ የሚል የክሪዮሎች፣ የፈረንሳይ ዝርያ ያላቸውና የሌሎችም ሥጋት ነው። የሙስሊሞቹ ፓርቲ ነፃነትን ቢደግፍም የውክልና ዋስትና ይጻፍልኝ አለ። በ1966 ከለንደን የተላከው የባንዌል ኮሚሽን ባቀረበው ሐሳብና በተከተለው ድርድር «የተሻሉ ተሸናፊዎች» የሚባለው ሥርዓት ቅርጹን ያዘ።

አሠራሩ ሊመሰገን የሚገባው ብልሃት አለው። 62 አባላት በ21 የምርጫ ክልሎች በቀጥታ ይመረጣሉ። ለየማኅበረሰቡ የተለየ የመራጮች መዝገብ የለም፤ ሂንዱውም ሙስሊሙም ክሪዮሉም በአንድ ሣጥን ድምፁን ይሰጣል። ቆጠራው ካለቀ በኋላ እስከ 8 ተጨማሪ መቀመጫዎች ከተሸነፉት ዕጩዎች መካከል ጥሩ ድምፅ ላገኙት ይታደላሉ። የመጀመሪያዎቹ 4 ከሕዝብ ብዛታቸው አንጻር ዝቅተኛ ውክልና ላገኙ ማኅበረሰቦች ይሰጣሉ፤ የቀሩት 4 በዚህ እርምት የፓርቲዎች ሚዛን እንዳይዛባ ያስተካክላሉ። ከሕዳጣን ወገን የሆነ ዕጩም ቢሆን የሌላውን ወገን ድምፅ ሳይለምን ማሸነፍ አይችልም። የራሱን ወገን ብቻ በማስቆጣት ሥልጣን የሚያዝበት በር በዚህ ጠብቧል።

ይሁንና ዋስትናው ደም መፋሰስን አላስቀረም። በነሐሴ 1967ቱ ምርጫ 44 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ነፃነትን ለተቃወመው ወገን ተሰጠ። በጥር 1968 በፖርት ሉዊስ በሙስሊሞችና በክሪዮሎች መካከል በተነሣው ግጭት ከሃያ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ የእንግሊዝ ወታደሮችም በአውሮፕላን ተጠርተው መጡ። መጋቢት 12 ቀን 1968 ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሥር ነበረች።

ሰላሙ ከየት መጣ?

ኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጄምስ ሚድ በ1961 ባቀረበው ጥናት የደሴቲቱን መጪ ጊዜ በጨለማ ሥሎ ነበር። ሕዝቡ በፍጥነት ይጨምራል፤ ምርቱ ስኳር ብቻ ነው፤ ሥራ ፈቱ ወጣት ደግሞ በዘር የተከፋፈለ ነው። የሚድ ስሌት በጊዜው ምክንያታዊ ነበር። ትንቢቱን የሻሩት በኋላ የተወሰዱ ውሳኔዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ውሳኔ ፖለቲካዊ ነው። ራምጉላም በ1969 ነፃነትን አጥብቆ ከተቃወመው ዱቫል ጋር ጥምር መንግሥት መሠረተ፤ ዱቫልም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ስምምነቱ ዋጋ አስከፍሏል። በ1972 ይጠበቅ የነበረው ምርጫ ወደ 1976 ተገፋ፤ በ1971 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅም የአዲሱ የግራ ክንፍ ፓርቲ መሪዎች ታሰሩ፤ ጋዜጦች ተሳንሰሩ። የሞሪሸስ ዴሞክራሲ ንጹሕ ጅምር እንደ ነበረው አድርጎ መተረክ ከእውነት ይርቃል። ሆኖም ከዚያ ጊዜ ወዲህ ማኅበረሰብ ተሻጋሪ ጥምረት ሳይገነባ መንግሥት መመሥረት እንደማይቻል ሁሉም ፓርቲዎች ተማሩ፤ ልማዱም ከማንኛውም አንቀጽ ይልቅ ጠንካራ ሆነ።

ሁለተኛው ውሳኔ የገንዘብ ነው። በ1975 ከአውሮፓ ጋር በተፈረመው የሎሜ ስምምነት የስኳር ፕሮቶኮል መሠረት ሞሪሸስ በየዓመቱ 500,000 ቶን ያህል ስኳር ብዙውን ጊዜ ከዓለም ገበያ በእጅጉ በሚበልጥ ዋጋ ትሸጥ ነበር። መንግሥት ርስቶቹን አልወረሰም። ባለቤቶቹ እንዲያመርቱ ፈቅዶ ከወጪ ንግዱ ላይ ቀረጥ ሰበሰበ፤ ከትልልቆቹ አምራቾች ይበልጥ ወሰደ፤ ገቢውንም ለጤና፣ ለአረጋውያን ጡረታና ለምግብ ድጎማ አዋለ። ከ1977 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ ሆነ። በ1970 በወጣው ሕግ የተፈቀዱት የወጪ ንግድ ቀጠና ፋብሪካዎችም በሆንግ ኮንግ ባለሀብቶችና በአገሬው የስኳር ካፒታል ተደግፈው በተለይ ለሴቶች ሥራ ከፈቱ። የዓለም ባንክ በ2020 ደሴቲቱን ከፍተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች መደብ አስገባት፤ የወረርሽኙ ጉዳት ግን በማግሥቱ ዓመት መለሳት።

ከእነዚህ ውሳኔዎች አንዱም ከኮታው የመነጨ አይደለም። ኮታው በአዳራሹ ውስጥ ስንት ሰው ከየትኛው ወገን እንደሚቀመጥ ይወስናል። የሸንኮራው ገንዘብ ለማን እንደሚደርስ የወሰነው ሌላ ድርድር ነበር።

የተቆጠሩትና የተሸፈኑት

የማኅበረሰቦቹ ስሞች በቅርብ ሲታዩ ቅጥ የላቸውም። ሂንዱና ሙስሊም የሚሉት የሃይማኖት ስሞች ናቸው፤ የብዙዎቹ አያቶች ግን ከአንድ ወደብ በአንድ መርከብ ተነሥተዋል። የቻይና ዝርያ ያላቸው የሚለው ደግሞ የትውልድ ስም ነው፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ካቶሊኮች ናቸው። «አጠቃላይ ሕዝብ» በሚለው ውስጥ የባሪያ አሳዳሪዎቹ ዘሮችና የባሮቹ ዘሮች አብረው ተመዝግበዋል። እነዚህን ሁለት ወገኖች በአንድ ረድፍ መደመር የሒሳብ ስሕተት ብቻ አይደለም። ርስት፣ ባንክና ፋብሪካ ያለው ጥቂት ቤተሰብና መሬት የለሹ ክሪዮል በአማካይ ሲታዩ «ውክልናቸው የተሟላ» ይሆናል፤ ቀመሩም እርካታውን ይመዘግባል።

ከቀመሩ ውጭ ያለው ኑሮ ሌላ ይናገር ነበር። በ1993 አንድ ካቶሊካዊ ካህን የክሪዮሎቹን ሁኔታ «የክሪዮል ሕመም» ብሎ ሲሰይመው ስሙ ወዲያው ተለመደ፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ጠርቶታልና። የካቲት 21 ቀን 1999 ካያ በሚል ስም የሚታወቀው ድምፃዊ ጆሴፍ ሬጂናልድ ቶፒዝ በፖሊስ እጅ እንዳለ ሕይወቱ አለፈ። ካያ የባሮቹን ልጆች ሙዚቃ ሴጋን ከጃማይካ ሬጌ ጋር አዋሕዶ «ሴጌ» የተባለውን ስልት ያስፋፋ ራስተፈሪያዊ ነበር። ለዓመታት የተጠራቀመው ቁጣ ለቀናት በደሴቲቱ ጎዳናዎች ፈነዳ፤ ሰዎችም ሞቱ። ያ ሕዝብ በምክር ቤት ውስጥ መቀመጫ ነበረው። የጎደለው የፖሊስ ጣቢያው፣ የመሬት መዝገቡና የትምህርት ቤቱ ፍትሕ ነው።

ቋንቋውም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል። የደሴቲቱ አብዛኛው ቤተሰብ፣ ሂንዱው ሳይቀር፣ በቤቱ የሚናገረው ክሪዮልኛ ነው። የነፃነቱ ሕገ መንግሥት ግን የምክር ቤቱን ቋንቋ እንግሊዝኛ አድርጎ በፈረንሳይኛም መናገርን ሲፈቅድ ለእርሱ ቦታ አልሰጠውም። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአማራጭነት መሰጠት የጀመረው በ2012 ነው። አገሩን በእውነት አንድ የሚያደርገው ነገር በሕጉ ሳይጠራ፣ የሚለያዩት ነገሮች ግን በስም ተጽፈው ኖረዋል።

ከሁሉም የተረሱት የቻጎስ ሰዎች ናቸው። እንግሊዝ ከነፃነቱ በፊት በ1965 የቻጎስን ደሴቶች ከሞሪሸስ ቆርጣ አስቀረች፤ ለዚህም 3 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለች። ከ1968 እስከ 1973 ነዋሪዎቹ ተነቅለው ብዙዎቹ በፖርት ሉዊስ ድሃ ሠፈሮች ተጣሉ። በዲዬጎ ጋርሲያም የአሜሪካ የጦር ሠፈር ተቋቋመ። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2019 በሰጠው የምክር አስተያየት የሞሪሸስ ከቅኝ አገዛዝ መውጣት በሕግ አግባብ አልተጠናቀቀም አለ፤ በግንቦት 2025ም ሉዓላዊነቱን ለሞሪሸስ የሚመልስ፣ ዲዬጎ ጋርሲያን ግን ለ99 ዓመት ለእንግሊዝ የሚያቆይ ስምምነት ተፈረመ። በዚህ ሁሉ ድርድር ሁለቱ መንግሥታት በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ፤ የተነቀሉት ሰዎች የራሳቸው ወንበር አልነበራቸውም። ለእነርሱም መዝገቡ ያዘጋጀው ስም «አጠቃላይ ሕዝብ» ነው።

መውጫ ያልተሠራለት በር

በ1982 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ የማኅበረሰብ ጥያቄ ከሕዝብ ቆጠራ ወጣ። ሐሳቡ ክቡር ነበር፤ መንግሥት ዜጎቹን በወገን መቁጠር እንዲተው። ነገር ግን ቀመሩ አልተነሣም፤ በ1972ቱ አኃዝ ላይ እንዲረጋ ብቻ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ሞሪሸስ በሁለት ወገን ትጎዳለች። ዜጎችን አትጠይቅም፤ ስለዚህ ማን እንደ ተበደለ በአኃዝ ማሳየት ይከብዳል። ዕጩዎችን ግን ትጠይቃለች፤ ስለዚህ ፖለቲካው ከወገን ስሌት አይላቀቅም።

ረዚስታንስ ኤክ አልተርናቲቭ የተባለው ትንሽ የግራ ፓርቲ ይህን በፍርድ ቤት ሞገተ። ዕጩዎቹ ማኅበረሰባቸውን አናሳውቅም በማለታቸው በ2005 ከውድድር ተሰረዙ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ በ2012 ዕጩዎችን በአሮጌ አኃዝ ላይ ተመሥርቶ ማኅበረሰባቸውን እንዲያሳውቁ ማስገደድ ዓለም አቀፉን ቃል ኪዳን ይጥሳል ሲል ወሰነ። በ2014 ለአንድ ምርጫ ብቻ የሚሠራ ማሻሻያ ወጣ፤ ማሳወቁም በፈቃድ ሆነ። ጊዜው ሲያልፍ አሮጌው ግዴታ ተመለሰ። ዘላቂው ለውጥ የምክር ቤቱን ሦስት አራተኛ ድምፅ ይጠይቃል፤ በ2018 የቀረበው ረቂቅም ያን ድጋፍ አላገኘም።

የሥርዓቱ ተከላካዮች የሚያቀርቡት ክርክር ቀላል አይደለም። በ1982፣ በ1995ና በ2024 አሸናፊዎቹ ጥምረቶች የዋናዋን ደሴት 60 መቀመጫዎች በሙሉ ወስደዋል። እንዲህ ባለ ጎርፍ ውስጥ ለተቃዋሚ ጥቂት ወንበር ያተረፈው የተሻሉ ተሸናፊዎች ሥርዓት ነው። ሙስሊሞችና የቻይና ዝርያ ያላቸውም፣ ቁጥራቸው ትንሽ ነውና፣ ያለዚያ እንጠፋለን ብለው ቢሰጉ ምክንያት አላቸው። ይህ ሥጋት ግን የተመጣጣኝ ውክልና መቀመጫ በመጨመር ሊመለስ ይችላል። በደቡብ አፍሪካዊው ዳኛ አልቢ ሳክስ የተመራው ኮሚሽን በ2002 ያቀረበው ሐሳብም 30 እንዲህ ያሉ መቀመጫዎችን ይጨምራል። ሐሳቡ ከመደርደሪያ ያልወረደው ስላልተጠና ሳይሆን፣ በነባሩ ሕግ ያሸነፈ ሁሉ ነባሩን ሕግ ስለሚወድ ነው።

የቀመሩ ወሰን ደግሞ ከላይ በኩል ይታያል። ከነፃነት ወዲህ አገሪቱን በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሩት፣ ከ2003 እስከ 2005 ከቆየው ከፖል ቤራንዤ በቀር፣ ሁሉም ከራምጉላምና ከጃግናት ቤተሰቦች የወጡ ሂንዱዎች ናቸው። ይህን የሚያዝዝ ሕግ የለም። ልማዱ የተገነባው ፓርቲዎች ለየምርጫ ክልሉ ዕጩ ሲመርጡ በሚሠሩት የወገን ስሌት ነው፤ ስሌቱንም የሕገ መንግሥቱ ቅጽ በየአምስት ዓመቱ ያድሰዋል።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የሚነሣው ጥያቄ

ኢትዮጵያና ሞሪሸስ በስፋት፣ በታሪክና በአስተዳደር ቅርጽ የሚነጻጸሩ አገሮች አይደሉም። ሞሪሸስ ለማንም ወገን ግዛት አልሰጠችም፤ ኢትዮጵያ ሰጥታለች። አንድ ነጥብ ላይ ግን ጥያቄያቸው ይገናኛል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ቁጥራቸው አናሳ ለሆኑ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች በተወካዮች ምክር ቤት ቢያንስ 20 መቀመጫ ይጠብቃል፤ በአንቀጽ 103 ደግሞ የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ውክልና፣ በጀትና የወሰን ክርክር ያረጀ አኃዝ ተሸክመው ሲጓዙ ምን እንደሚከተል ለማየት የ1972ቱ ደሴት ጠቃሚ ማሳያ ናት።

በአገራዊ ምክክሩም ሆነ በውጭ በሚካሄዱ የባለሙያ መድረኮች ለአናሳዎች ዋስትና የሚያቀርብ ሰው ሁሉ ከመነሻው ሦስት ጥያቄዎችን ሊመልስ ይገባዋል። ዋስትናው በየትኛው ቆጠራ ይሰላል፤ ቆጠራው ቢቋረጥስ ምን ይሆናል? መቼ ይመረመራል፤ እንዲቀጥል የሚፈልገው ወገን ነው ወይስ እንዲቀር የሚፈልገው አብላጫ ድምፅ ማቅረብ ያለበት? በስሙ ውስጥ የተደመሩት ሰዎችስ በእውነት አንድ ዓይነት ጉዳት ያለባቸው ናቸው፣ ወይስ ባለርስቱና መሬት የለሹ በአንድ ረድፍ ተጽፈዋል?

የ1966ቱ ተደራዳሪዎች እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ቤቱ ሊቃጠል ነበርና ውኃ ያገኙበትን ዕቃ አነሡ። በዚያ ሊወቀሱ አይገባም። ወቀሳው የሚገባው ከእነርሱ በኋላ ለመጡት፣ በሰላሙ ዓመታት ሦስት አራተኛ የሚበልጥ መቀመጫ ይዘው ሕጉን ሳይነኩ ላለፉት መንግሥታት ነው። የ2024ቱ አሸናፊ ጥምረትም ያን ያህል ድምፅ ይዟል፤ ቅጹን በፍርድ ቤት የሞገተው ትንሽ ፓርቲም የጥምረቱ አካል ሆኖ ካቢኔ ገብቷል። በቀጣዩ ምርጫ ዕጩዎች የሚሞሉት ቅጽ ምን እንደሚጠይቅ ማየት፣ ሞሪሸስ ከራሷ ስኬት የተማረችውን ለመመዘን ከዕድገት አኃዞቿ ሁሉ የተሻለ መለኪያ ይሆናል።